የእማሆይ ደረቅ መርፌ

በደርግ ጊዜ ጤና ረዳት ሆኜ ግሼ ስመደብ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ጤና ጣቢያው ከከተማው፣ ከራቤል፣ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ርቆ የተሠራ ባለ ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤት ነው። በአንዱ ክፍል በሽተኛ አያለሁ፣ በሌላው እተኛለሁ። ሰዉ ሁሉ "ሐኪሟ" ይለኛል። መጀመሪያ መጀመሪያ ሐኪም አለመሆኔን አስረዳ ነበር፤ በኋላ ተውኩት።

በሁለተኛው ዓመቴ ከአውራጃው ደብዳቤ መጣ። ከሠለጠነ የጤና ባለሙያ በቀር ማንም ሰው የሰው ገላ በመርፌ እንዳይወጋ፣ በግለሰብ እጅ ያለ መርፌም በገበሬ ማኅበሩ በኩል ተሰብስቦ ጣቢያው እንዲረከበው ይላል። ሳነበው ደስ አለኝ። በዚያው ክረምት ገበያ ለገበያ እየዞረ ፔኒሲሊን የሚወጋ አንድ የቀድሞ ወታደር የሰባት ዓመት ልጅ መቀመጫዋ ላይ ያለ ቦታው ወግቷት እግሯ ሰልሎ ቀርቶ ነበር። እናቷ አዝላ ስታመጣት ላደርግላት የምችለው ምንም አልነበረም። ከማኅበሩ ሊቀ መንበር ጋር መርፌ ልሰበስብ የወጣሁት ያቺን ልጅ እያሰብኩ ነው።

ወታደሩ ሳይከራከር አስረከበን። "ሌላስ ማን አለ?" አልኩት ሊቀ መንበሩን።

"እንግዲህ እማሆይ አሉ" አለ።

እማሆይ ባላቸው ከሞቱ በኋላ የመነኮሱ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር በጓሳ ሣር በተከደነች ጎጆ የሚኖሩ ሴት ናቸው። የሚተዳደሩት ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና እየሰፉ ነው። ታዲያ እርፍ ሲጨብጥ የኖረ ትከሻ፣ ሸክም የያዘው ወገብ ወይም አልዞር ያለ አንገት ሲመጣላቸው፣ የደነደነውን ሥጋ በጣታቸው ፈልገው በቀጭን መርፌ ይወጉታል። መድኃኒት የለውም። ለዚህ ነው ሰዉ "ደረቅ መርፌ" የሚለው።

ስንደርስ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ይሰፋሉ። ሊቀ መንበሩ ፊቱን ወደ ገደሉ አዙሮ ቆመ። ዓምና ወገቡን ያቀኑለት እሳቸው መሆናቸውን የሰማሁት በኋላ ነው። ደብዳቤውን አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው አዳምጠው፣

"ስለዚያች እግሯ ስለሰለለው ልጅ ነው?" አሉኝ።

"እንደሷ ሌላ እንዳይመጣ ነው፣ እማሆይ።"

"እውነታችሁን ነው" አሉና ተነሥተው ገቡ። በጥጥ የተጠቀለሉ ሦስት መርፌዎች ይዘው ወጥተው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። "ባና የምሰፋበትን ግን ተዪልኝ፣ ልጄ። እሱ ወፍራም ነው፤ ለሰው አይሆንም።"

ይከራከሩኛል ብዬ ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ሳያስፈልገኝ ቀረ።

ወር ያህል ቆይቶ የደብሩ መሪጌታ ወደ ጣቢያው መጡ። አንገታቸው ወደ ግራ ተቆልፎ፣ እኔን ለማየት መላ ሰውነታቸውን ያዞራሉ።

"እንግዲያው አንቺ ውጊኝ" አሉ።

"ምን ልውጋዎ፣ የኔታ?"

"እማሆይ የሚወጉኝን ነዋ። ፈቃዱ ከሳቸው ተነሥቶ ላንቺ ተሰጥቷል ሲሉ ሰማሁ።"

"እኔ እኮ እሱን አልተማርኩም።"

"የሚያውቁት አልተፈቀደላቸውም። የተፈቀደልሽ አንቺ አታውቂውም። እኔ ታዲያ ወዴት ልሂድ?" ተቆጥተው አልነበረም፤ እውነትም የሚሄዱበት ጠፍቷቸው ነው። አስፕሪን ሰጥቼ ሸኘኋቸው። በሳምንቱ አንገታቸው እንደዚያው እንደ ሆነ ተመለሱ። ማኅሌት መቆም አቅቷቸው እቤት መዋል ጀምረዋል።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ እማሆይ ጎጆ ሄድኩ። እንዲያስተምሩኝ እንደመጣሁ ስነግራቸው አልተገረሙም። አጠገባቸው አስቀመጡኝና እጄን ይዘው ጣቶቼን ክንዳቸው ላይ አሳረፉ።

"መጀመሪያ ጣት ነው" አሉ። "መርፌ የመጨረሻው ነው። ጣትሽ ያላገኘውን መርፌ አያገኘውም።"

ቀጥለው የማይወጋውን ነገሩኝ። እርጉዝ አይወጋም። ትኩሳት ያለው አይወጋም። ደረትና ጎን አይወጋም፤ ከትከሻ በላይም ቢሆን ሥጋው በጣት ተይዞ ከፍ ካላለ አይወጋም፤ ከሥሩ ትንፋሽ አለ። ሳንባ እዚያ ድረስ ከፍ እንደሚል እኔ የተማርኩት በትምህርት ቤት ሥዕል ነው። እሳቸውን ማን እንዳስተማራቸው ጠየቅኳቸው።

ስፌታቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩ። "እናቴ ናት" አሉ። "እሷ አንድ ሰው ጀርባውን ወግታ ትንፋሹ አጥሮ ሞተባት። ከዚያ ወዲህ መርፌ በያዘች ቁጥር በፍርሃት ታማትብ ነበር። እኔም እስከ ዛሬ አንድም ቀን ሳልፈራ ወግቼ አላውቅም። ደብዳቤሽን ስታነቢልኝ ግማሽ ልቤ ሸክም የወረደለት ያህል ሆኖ ነበር፣ ልጄ።"

ከዚያ ወዲህ ሥራ በቀለለኝ ቀን ሁሉ እሄድ ጀመር። ጣቴ ቀስ በቀስ ከቆዳ ሥር እንደ ክራር ጅማት የተወጠረውን መለየት ቻለ። የመሪጌታን አንገት ለመውጋት ግን ገና አልደፈርኩም። አንድ ቀን የራሳቸውን ትከሻ ስዳስስ የባቄላ ፍሬ የሚያህል እብጠት አገኘሁ። ስነካው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ይህንን ማን ወጋልዎ?"

"ማን ይወጋልኛል? የራሴን ጀርባ አልደርስበት" አሉ። ስንት ዓመት እንደሆነው ስጠይቃቸው፣ ከመመንኮሳቸው በፊት እንደነበርና ከዚያ ወዲህ ቀኝ ክንዳቸው ወደ ላይ አልነሣ እንዳላቸው ነገሩኝ። ያን ሁሉ ዘመን የሰዉን ትከሻ ሲፈቱ የሳቸውን የፈታ አልነበረም። ውጊኝ አላሉኝም። ባናቸውን አንሥተው መስፋታቸውን ቀጠሉ።

በማግስቱ ከመርፌዎቻቸው አንዱን በደንብ ቀቅዬ ይዤ ሄድኩ። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ተቀመጡ። ሥጋውን በሁለት ጣቴ ከፍ አድርጌ ያዝኩ። "ወደ አንገት ትንሽ ሳቢው… እዚያ" አሉ። ወጋሁ። ዝንብ ያረፈበት የፈረስ ቆዳ እንደሚያደርገው፣ ሥጋው ከጣቴ ሥር ድንገት ዘለለና ላላ። እማሆይ ረጅም ትንፋሽ ወጣቸው። ብዙ ቆይተው የቀኝ ክንዳቸውን ቀስ እያሉ አነሡና፣ ቆባቸውን በሁለት እጃቸው አስተካከሉ።

"በሁለት እጄ" አሉ ለራሳቸው። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እኔም ጀርባቸው ላይ ያለውን እጄን ማንሣት አልሆነልኝም።

ከፋሲካ በኋላ ከአውራጃው ተቆጣጣሪ መጡ። በዕድሜ የገፉ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። መዝገቡን ከመክፈታቸው በፊት ያደረግኩትን ሁሉ፣ የእማሆይን እናት ታሪክ ጨምሬ ነገርኳቸው።

"በትምህርት ቤት ይህን ተምረሻል?" አሉ።

"አልተማርኩም።"

"ያቺን ልጅ የወጋት ወታደርስ ተምሯል?"

"አልተማረም።"

"እንግዲያው ልዩነታችሁ ምንድን ነው?"

ከወታደሩ የሚለየኝ አልነበረም። ያማል እንጂ እውነት ነበር። "ደግ ስላሰብሽ ሳንባ አይሸሽልሽም" አሉኝ ለዘብ ብለው። "አንድ ሰው ቢሞትብሽ እኔ ላድንሽ አልችልም። ይህን አልጽፈውም፤ አይደገምም ግን።"

"በጣትስ?" አልኩ። "እማሆይ በጣታቸው ብቻ ቢያሹስ?"

መነጽራቸውን አወለቁ። "ጣት የሚከለክል ደብዳቤ እንኳ አልደረሰኝም" አሉና፣ ፈገግ አሉ።

ከዚያ በኋላ እማሆይ በገበያ ቀን ወደ ጣቢያው ይመጡ ጀመር። ከደጅ ባለው አግዳሚ ላይ ቅቤ በትንሽ ዋንጫ ይዘው ይቀመጣሉ። ሰውየውን መጀመሪያ እኔ አየዋለሁ፤ ትኩሳት ወይም ሌላ ሕመም ከሌለው ወደሳቸው እልከዋለሁ። እሳቸውም ጣታቸው ያልወደደውን ነገር ሲያገኙ ወደኔ ይመልሱታል። የመሪጌታ አንገት በመርፌ ቢሆን በአንድ ቀን ይፈታ ነበር ይላሉ እማሆይ፤ በእሽት አምስት ሳምንት ፈጀ። አምስቱንም ሳምንት ሁለታችንንም ሲያማርሩን ከረሙ። በስድስተኛው ለማኅሌት ቆሙ።

ሁለት ዓመት እንደዚህ ሠራን። ወደ መርሐቤቴ ስዛወር እማሆይ ጓዜን የጫነችው በቅሎ ከቆመችበት ድረስ መጥተው በሶ በአገልግል ሰጡኝ። መረቁኝ። ከዚያ እጃቸውን ከነጠላዬ ሥር አግብተው አንገቴን ዳሰሱና ቅር አላቸው።

"ይኸውልሽ፣ አንቺም ጀምሮሻል" አሉ። "መዝገቡ ላይ ብዙ አትጎንበሺ።"

እዚያው መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ አስቀመጡኝና፣ ባለ በቅሎው እየጠበቀ፣ እስኪለቅልኝ ድረስ አሹኝ።