የጀፎረው ሽማግሌዎች ያዳኑት ቅልጥም

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ 11፡30

ከአዲስ አበባ ስወጣ ጭጋጉ ገና አልተገፈፈም። የሰው ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ሳሽ የምውል ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ ዛሬ ግን የሚያስጨንቀኝ አንድ ቅልጥም ብቻ ነው፣ የሙና ግራ ቅልጥም። ሙና የቡታጅራ ሯጭ ናት። ነገ ወልቂጤ ላይ ማጣሪያ አለ፤ አንደኛ የወጣች ክለብ ትገባለች። አምና በዚሁ ቅልጥም ምክንያት አቋርጣ፣ እያለቀሰች በመኪና ነው የተመለሰችው።

ቡኢ፣ 2 ሰዓት

ሻይ በፓስቲ። ከበረንዳው ሆኜ የአስፋልቱን ዳር አየዋለሁ፤ የዝናብ ውሃ እንዲወርድበት ወደ ጎን ያዘነበለ ነው። ሙና መኪና ፊት ለፊቷ እንዲታያት ሁልጊዜ በግራ ዳር ትሮጥ ስለነበር፣ ግራ እግሯ ዘወትር ዝቅ ብሎ ነበር የሚያርፈው። በዚያ ላይ ርቀቷን በአንድ ሳምንት እጥፍ አደረገችው። ታዲያ ቅልጥም ብረት ነው እንዴ?

ቡታጅራ፣ 3 ሰዓት ተኩል

አሰልጣኟ ሸምሱ መናኸሪያ በር ላይ ይጠብቀኛል።

«አሰላሙ አለይኩም ዶክተር!»

ዶክተር አይደለሁም ብዬ ብነግረው፣ ብነግረው አልሰማ አለ።

ከሦስት ወር በፊት እዚሁ ቡታጅራ፣ እሱ ግቢ ውስጥ የሙናን ቅልጥም በአውራ ጣቴ ጫን አድርጌ «ያማል?» ስላት ዘላ ተነሳች። ሸምሱ ግን «ሲሞቅ ይጠፋል» ይል ነበር። እኮ! ሲሞቅ ጠፍቶ ማታ እጥፍ ሆኖ የሚመጣው ነው አደገኛው። ራጅ ተነስታ አጥንቷ ደህና መሆኑ ሲታወቅ መጀመሪያ አሳረፍኳት። ቀጥሎ ሳር ላይ አራት ደቂቃ ሩጫ፣ አንድ ደቂቃ እርምጃ አዘዝኩላት። ጆሮ ዳባ ልበስ! «ስራመድ ያየኝ ሰው ደከማት ይላል» ብላ አስፋልቷ ላይ ተመልሳ ወጣች። በመጨረሻ ሳር ሜዳ ወዳለበት ቸሃ፣ እዚያ ያገባች አክስቷ ዘንድ ላክኋት።

«ሳር ላይ ሲያንሸራሽሯት ከረሙ» አለኝ ሸምሱ መኪና ውስጥ እየገባ። «ነገ ብትሸነፍ በእርስዎ ነው!»

«ይሁን» አልኩት።

ቸሃ፣ 9 ሰዓት

ተራራውን አቋርጠን ወረድን። ጀፎረው በሁለት ረድፍ ቤቶች መካከል ተዘርግቷል፤ የመንደሩ ሁሉ የሆነ ሰፊ የሳር ጎዳና ነው፣ ማንም አያርሰው፣ ማንም አያጥረው። ከቤቶቹ ጀርባ እንሰት።

ሙና እየከነፈች መጣች። ዛፍ ሥር የተቀመጡ ሽማግሌዎች ጋ ስትደርስ ግን ሩጫዋን ገታ አድርጋ፣ አንገቷን ደፍታ ሰላምታ ሰጠች። «እናትሽ ደህና? ከብቱስ?» አሏት። መልሳ ሩጫዋን ቀጠለች። ትንሽ ሄድ እንዳለች ሌሎች ሽማግሌዎች፤ እንደገና እርምጃ፣ እንደገና ሰላምታ።

«ምን ላድርግ ዶክተር?» አለችኝ ላቧን እየጠረገች። «ሽማግሌ ተቀምጦ ሮጦ ማለፍ ነውር ነው!»

እኔ ለምኜ ያቃተኝን የእርምጃ መድኃኒት ሽማግሌዎቹ በነፃ ሲያስውጧት ከርመዋል! ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ሩጫና እርምጃዋን በሰዓት ሲለካ የቆየው ሸምሱም በመገረም አፉን ያዘ።

«ጨዋ ልጅ ናት» አሉኝ አንዱ አዛውንት። «ምን እንደሚያስቸኩላት ግን አልገባንም።»

በግራ እግሯ ብቻ አሥር ጊዜ አዘለልኳት። አውራ ጣቴን ጫን አደረግሁ።

«ያማል?»

«የለም።»

ሰሞኑን በስልክ እያዘዝኩ አስፋልት በጥቂት በጥቂቱ አስለምጃታለሁ። ውድድር ግን ውድድር ነው።

እሁድ፣ ወልቂጤ፣ 1 ሰዓት

አሥር ኪሎ ሜትር፤ በጉብሬ መንገድ ሄደው ይመለሳሉ። ሸምሱ ጥፍሩን ይበላል፣ እኔም አላነስኩም። የመጨረሻው ኩርባ ላይ ሁለት ልጆች ብቅ አሉ፤ አንዷ ሙና ናት! ዓይኔ ግራ እግሯ ላይ ተተከለ። ልክ እንደ ቀኙ ያርፋል። መቶ ሜትር ሲቀራት ሙና ሌላዋን ጥላት ሄደች። እሰይ! እልልታው መንገዱን ሞላው። ሸምሱ ከመሬት አንስቶ ሲያሽከረክረኝ «ቀስ በል፣ ወገቤን!» እያልኩ እጮሃለሁ።

እንባዬን ጠርጌ አስፋልቱ ላይ ተንበረከክሁና ቅልጥሟን በአውራ ጣቴ ጫን አደረግሁ።

«ያማል?»

ሙና ሳቀች። «እሱንማ ሁለተኛ የወጣችውን ይጠይቁልኝ!»