የሚታኘክ ሻይ

ቆሰበር ውስጥ ክንዴ ያልተቸው ነገር የለም። ባጃጅ ሲመጣ ይህ ጉድ ሰው ይጨርሳል አለ፤ አሁን ከጠላ ቤት የሚመለሰው በባጃጅ ነው። ሞባይል ሰውን ውሸታም ያደርጋል አለ፤ እውነትም ማሳው ላይ ቆሞ ዳንግላ ነኝ ማለት ለመደ። የማይተቸው ነገር ቢኖር የራሱን ድንች ነው። እንደ ክንዴ ድንች በአዊ ምድር አልበቀለም፤ ይህን ያልሰማ ካለ ለከተማው እንግዳ ነው።

በ2010 ዓ.ም. ከቤሩት የተመለሰችው ልጁ ሶስና አስፋልቱ ዳር ሻይ ቤት ከፈተች። ወተት ባለው ቀዝቃዛ ሻይ ውስጥ ጥቁር ለስላሳ ድብልብል ነገር ትጨምራለች፤ ተማሪው ተሰልፎ በወፍራም ስትሮ እየመጠጠ ያኝካል። ክንዴ አፈረ። በዚህ ብርድ ቀዝቃዛ ሻይ፣ ያውም የፍየል በጠጥ የተበተነበት! ማኘክ ያማረው ቆሎ ይብላ እያለ ሙሉነሽ ጠላ ቤት ሲያላግጥ ከረመ።

ፌዙ ሶስናን ጎዳት። ትልልቅ ሰዎች የአባቷን አፍ ሰምተው ደጇን አይረግጡም፤ ተማሪው ደግሞ ትምህርት ሲዘጋ ይበተናል። ስለዚህ ሰው ፊት ቀምሶ የመሰለውን እንዲናገር ለመነችው። ክንዴም እንግዳው እና ስማቸው የሚባሉትን ሁለት የጠላ ጓደኞቹን ምስክር ይዞ ሄደ፤ ቤቱን በአንድ ጉንጭ ሊያዘጋው።

እንደ ሕፃን አልጠባም ብሎ ስትሮውን አስቀመጠው። ሻዩን እንደ ጠላ አንደቀደቀው። ጣፈጠው፤ ይህንንም በደንብ አድርጎ ደበቀ። ድብልብሎቹ ግን ከታች ቀሩ። የጠላ ሰው አተላ አይጠጣምና ክንዴ ብርጭቆውን አሽከርክሮ በለመደው እጁ ደጅ ላይ ደፋው። ዶሮዎች ተሻሙበት።

«አየሽ» አለ ጓደኞቹን እያየ፣ «ለዶሮ የሚሆነውን ለሰው ትሸጫለሽ። ለመሆኑ ከምንድን ነው የምትሠሪው?»

ከስድስት ወር በፊት፣ ቤቱ ሲከፈት ጠይቆ ቢሆን ምን ነበረበት። ሶስና ድምጿን አላነሣችም፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል።

«ከድንች ነው፣ አባየ። ፈቅፍቄ፣ ጨምቄ፣ የዘቀጠውን ነጭ ዱቄት በተቃጠለ ስኳር አቡክቼ አንድ በአንድ በእጄ አድበልብዬ እቀቅለዋለሁ። ድንቹን እማየ ናት የምታመጣልኝ። ከእርስዎ ማሳ ነው።»

እንግዳው ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ስማቸው ሳቁን በጋቢው አፈነ። ክንዴ ዶሮዎቹ የመጨረሻዋን ለቅመው እስኪጨርሱ ቆሞ አያቸው።

«ሌላ ቅጂልኝ» አላት ቀና ሳይል። «ከነስትሮው።»