አያ ሀብቱ የሌለበት ሰማይ

ባሌ ሰላሁዲን እንጅባራ ላይ ፎቶ ቤት አለው። ቀን ቀን ጉርድ ፎቶ ያነሣል፣ ሰርግ ይቀርጻል፤ የምንበላው በዚህ ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ ዕለት ግን ካሜራውን ይዞ በባጃጅ ወደ ጥርባ ገጠር ይከንፋል። ካሜራው እዚያ ቆሞ ሌሊቱን ሙሉ በየግማሽ ደቂቃው ኮከብ ሲያነሣ ያድራል። ጠዋት ፎቶዎቹን ሲቀጣጥላቸው የሌሊቱ ሰማይ በአንድ አፍታ ዞሮ ያልቃል። ታይምላፕስ ይለዋል። እኔ አፊያ ግን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እያልኩ አበሽቀው ነበር። ምን ያድርግ፣ ሱስ ነው!

እዚያ ጓደኛው አያ ሀብቱ ነበር፤ ዲከረንስ የሚሉትን ዛፍ እየቆረጠ ከሰል የሚያከስል የጥርባ ገበሬ። የከሰል ክምር አፈር ለብሶ ውስጥ ውስጡን ሲነድ ዐይን ከላዩ አይነሣም። ትንሽ ከተቀደደ ያ ሁሉ ልፋት አመድ ነው። ስለዚህ አያ ሀብቱም እዚያው ያድራል። ለባሌ የተቀቀለ ድንች ያካፍለዋል፣ ጅብ ሲመጣ ያባርርለታል፣ ብርዱ ሲጠና ጋቢውን ያለብሰዋል። አንዱ ሰጋጅ፣ አንዱ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ፣ ወንድማማች ሆኑ።

ታዲያ ያ ደግ ሰው አንድ አመል ነበረበት። ክምሩን ሊያይ ሲነሣ በካሜራው ፊት ያልፋል። አንዳንዴማ ቆም ብሎ፣ ባትሪውን ፊቱ ላይ አብርቶ፣ «አሁን እያየኝ ነው?» ይላል። ባሌ «አያ፣ ኧረ ዘወር በልልኝ፣ ሰማዬን አበላሸህብኝ!» ሲለው፣ «ሰማዩ ያንተ መሆኑን መች አወቅሁ» ብሎ ይስቅበታል። ጠዋት ባሌ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጦ አያ ሀብቱ የገባበትን ፎቶ አንድ በአንድ ይሰርዛል። ሰማዩ ንጹሕ መሆን አለበት አሉ።

ባለፈው ጥር፣ ባሌ ባልሄደበት ሌሊት፣ ክምሩ ተቀደደ። አያ ሀብቱ አፈር ሊደፍንበት ላዩ ላይ ወጣ። አክሳዮቹ ሁሉ እንዲያ ነው የሚያደርጉት፤ እሱም ስንቴ ወጥቶበታል። የዚያን ሌሊት ግን ውስጡ ነድዶ አልቆ ኖሮ ተደረመሰበት። ኧረ አላህ ለጠላቴም አይስጥ!

ከተቀበረ በኋላ ሚስቱ ይታይሽ ወደ ፎቶ ቤታችን መጣች። ለሠልስቱ ለቅሶ ፎቶው ከፍ ብሎ መያዝ አለበት፤ የሟች መልክ ሳይታይ ምን ተብሎ ይለቀሳል? መታወቂያውም ስልኩም ኪሱ ውስጥ ነበሩ፣ አብረውት ነደዱ። ሲጋቡም ፎቶ ያነሣቸው አልነበረም። እሷ ግን በእኛ ተማምናለች።

«ሰላሁዲን ወንድሜ፣ አንተ ዘንድ መቼም ፎቶው ሞልቷል። አንዱን አሳድገህ ስጠኝ» አለችው።

ባሌ ኮምፒውተሩን ከፍቶ ያንን ሁሉ ሰማይ ያገላብጥ ጀመር። እኔ ከኋላው ቆሜ «ያ አላህ፣ አንዲት ብቻ» እላለሁ። የለም። የተጣለውንም በረበረ። የለም። «ኮከቡ ነገም ይወጣ የለም ወይ? ሰው እንዴት ይሰረዛል?» ብዬ ጮህኩበት። ቀና ብሎም አላየኝ።

«የለኝም፣ ይታይሽ። አጥፍቼዋለሁ» አላት።

የሰማችው አልመሰለኝም። «እስቲ አብራችሁ ያደራችሁበትን አሳየኝ» አለች።

አንዱን ከፈተላት። ከጥርባ በላይ ኮከቦቹ ቀስ ብለው ዞሩ። መሀል ላይ ሲደርሱ ግን ድንገት ዘለሉ።

«ምን ሆነው ነው የዘለሉት?»

ባሌ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «እዚያ ላይ አያ ሀብቱ ነበር» አለ።

ይታይሽ ወንበሯን ወደ ኮምፒውተሩ አስጠጋች።

«መልሰው» አለችው። መለሰው። ኮከቦቹ ሲዘሉ «ሀብቴ!» ብላ ደረቷን መታች። ከዚያ እንደገና «መልሰው» አለችው።