አሁን ነው የሚወድቀው

ዛሬ ጠዋት ከቱሉ ዲምቱ ወደ ቃሊቲ ስመጣ፣ የታክሲው መስታወት ላይ የተንጠለጠለ አሮጌ ሲዲ ፀሐይዋን እያንጸባረቀ ዓይኔን ወጋኝ። አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት ጆሮውን በማዳመጫ ደፍኖ ስልኩን እያየ ለብቻው ይስቃል። ለብቻ መሳቅ! በእኛ ጊዜ እኮ እብድ ነበር የሚያስብል።

ልጅ ሳለሁ በጊቢያችን ዴክ የነበራቸው አከራያችን ብቻ ነበሩ፤ እማማ ነው የምንላቸው። የገዛላቸው አንድ ልጃቸው ነው፣ የክር ፋብሪካ ሠራተኛ። በዚያ ዓመት ሲዲ እንደ አሸን ፈላ፤ የበዓል ኮሜዲ በለው፣ ክሊፕ በለው፣ የሕንድ ፊልም በለው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጊቢው በሙሉ እማማ ሳሎን ይታጨቃል። የጋለ ዴክና የእግር ሽታ፣ የሽምብራ ቆሎ ኩርሽምታ አሁንም አለብኝ። ምስሉ ቀጥ ሲል ሲዲውን አውጥተን በቀሚሳችን ጠርገን እንመልሰዋለን።

ልጃቸው ግን የማይቻል አመል ነበረው። ሲዲውን የሚከራየው እሱ ስለሆነ ቀድሞን ያየዋል፤ ከዚያ እኛን አያሳየንም። አንድ ኮሜዲ ላይ ሱፍ የለበሰ ጉረኛ ሽማግሌ፣ ለልጁ ሚስት ሊጠይቅ መጥቶ የተሰበረ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ሰውየው ገና በር ሳይገባ እሱ ይጮሃል፦

«አሁን ነው የሚወድቀው! አሁን! እዩት!»

«አንተ ልጅ፣ አፍህን አትይዝም? እንይበት እንጂ!» ይሉታል እማማ። እኛም ዝም በል እያልን እንንጫጫበታለን።

ክረምት ሲገባ ታመመ፤ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። እማማ ቴሌቪዥኑን በጥቁር ነጠላ ሸፈኑት። ሐዘን ቤት ቴሌቪዥን እንደማይከፈት ሕፃን እንኳ ያውቃል። ተዝካሩ ወጣ፣ ዓመቱም ዞረ፣ ነጠላው ግን አልተነሳም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኛ ልጆቹ የናፈቀን ቴሌቪዥኑ ነው። እናቴ ግን፣ «ሴትዮዋ እህል እንኳ በግድ ነው የሚቀምሱት፤ ልጃቸውን ሊከተሉት ነው» እያለች ትጨነቅ ነበር።

አንድ እሑድ ቆረጠችና እኛን አስከትላ ገባች። «እማማ፣ ዓመቱ እኮ አለፈ። ልጆቹ ትንሽ ይዩ?»

እማማ «ይክፈቱት» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

ዴኩ ውስጥ ምን እንዳለ ያሰበ አልነበረም። ልጃቸው ሳያወጣው የሄደው ሲዲ ነበር፤ ያው ኮሜዲ። ለማጥፋት እንኳ የደፈረ ጠፋ። ሽማግሌው ገባ፤ ሱፉን አራገፈ፤ ወንበሩን ሳበ። እናቴ አፏን በእጇ ያዘች።

«አሁን ነው የሚወድቀው።»

እማማ ነበሩ። ዞረዋል። ሽማግሌው ወደቀ፤ እሳቸውም ሳቁ፤ እየሳቁም ዕንባቸው ወረደ። እኛም እንደዚያው ሆንን። ያን ቀን እናቴ ያቀረበችላቸውን ሳይለመኑ በሉ። ከዚያ ወዲያ ያቺን ቦታ ቀድመው የሚናገሩት እሳቸው ሆኑ፤ ዝም በሉ ያላቸውም የለም።

ዛሬ እማማም የሉም፤ ጊቢውም ፈርሷል። ታክሲው ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠውን ወጣት ስልክ ሰረቅ አድርጌ አየሁት። አንድ ወፍራም ሰውዬ መሰላል እየወጣ ነው።

«አሁን ነው የሚወድቀው» አልኩት።

ጆሮው ተደፍኗል፣ አልሰማኝም። ምነው ዝም በይ ባለኝ።