ከገብርኤል እስከ ገብርኤል

ጎንደር፣ ቁስቋም አካባቢ ቤት ከተከራየሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ከዚያ በፊት ዳባት ደጋ ላይ ባለች አንዲት ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነበርኩ። ከተማው ተመችቶኛል። ክረምት ሲገባ ግን ያቺ ጤና ጣቢያ ትናፍቀኛለች፤ ከሁሉም በላይ አንድ ልጅ ይናፍቀኛል። የእኔ ልጅ አይደለም።

እዚያ አልትራሳውንድ አልነበረንም። እናቶች የመጨረሻ የወር አበባቸውን ቀን ስጠይቃቸው በጾምና በታቦት ነበር የሚቆጥሩልኝ። ስለዚህ ሕፃኑ እንደተወለደ እግሩን ከተረከዙ እስከ አውራ ጣቱ ጫፍ በማስመሪያ እለካለሁ፤ የራሱንና የደረቱን ዙሪያም በሜትር። በዚያ ቀኑ ደርሶ ይሁን ሳይደርስ መወለዱን እገምታለሁ። ግምት ነውና ጥቂት ሳምንት ሊስት ይችላል።

በሐምሌ ገብርኤል ዕለት አንዲት ወጣት በቃሬዛ መጣች። ብዙም ሳትቆይ ወንድ ልጅ ተገላገለች፤ በጣም ትንሽ ነበር። የባሏ እናት የሆኑት አማቷ ልጁን አገላብጠው አዩት። ከዚያ ወደ ደጅ ጠርተውኝ፣ ልጃቸው ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ከርሞ የተመለሰው በታኅሣሥ ገብርኤል መሆኑን ነገሩኝ። በጣታቸው ቆጠሩልኝ፤ ሰባት ወር። መንደሩም እንደሚቆጥር አልደበቁኝም።

«ዘጠኝ ወሩን የጨረሰ ልጅ ከሆነ ንገሪኝ» አሉኝ። «ብቻ እንዳትዋሽኝ።»

ያለ እናትየው ፈቃድ ምንም እንደማልናገር ነግሬያቸው ተመለስኩ። እሷ ግን ሁሉንም ሰምታ ኖሯል።

«እህቴ፣ እሳቸው እያዩ ለኪው» አለችኝ።

አማትየውን አስገባኋቸው። እንዳልሳሳት ሁለት ጊዜ ለካሁ። እግሩ ሰባት ሴንቲ አልሞላም። ውስጥ እግሩ ልሙጥ ነው፤ ጆሮውን ሳጥፈው ቶሎ አይመለስም። ማለዳ የወለደችውን የጎረቤት አልጋ እናት አስፈቅጄ፣ እንዲያወዳድሩት ቀኑን ጨርሶ የተወለደውን የእሷን ልጅ እግርም አሳየኋቸው።

«እማማ፣ ቀኑን በትክክል አላውቅም» አልኩ። «ዘጠኝ ወር ግን አልቆየም። ሳይደርስ የመጣ ልጅ ነው።»

አማትየው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። ምራታቸው ወደ ግድግዳው ዞራ ማልቀስ ጀመረች። ያን ሁሉ ጊዜ ጥርሷን ነክሳ ይዛው የቆየችው እንባ ነበር።

ወደ ጎንደር ልልካቸው አምቡላንስ ብጠራም መንገዱን ጎርፍ ቆርጦት አልመጣም። ስለዚህ ልጁን ልብሱን አውልቀን ከእናቱ ገላ ጋር አሰርነው፤ ወተቷን እያለበች በማንኪያ አጠጣነው። በሦስተኛው ቀን እናትየው አቅም ሲያንሳት፣ አማትየው ቀሚሳቸውን ከደረታቸው ከፈት አድርገው «ወዲህ በሉት» አሉ። ከዚያ ወዲያ ተራ ገቡ። ሁለቱም ሲደክሙ እኔ ያዝኩት። እኔም አንድ ልጅ ነበረኝ፤ በስድስት ወሩ መጥቶ፣ ሳያድር የሄደ። ይህንን ለእነሱ አልነገርኳቸውም። ልጁን ወደ እናቱ የምመልስበት ሰዓት ሲደርስ ግን ጥቂት እዘገይ ነበር።

ነሐሴ ሳያልቅ ጠንቶላቸው ወደ ቤታቸው ወሰዱት። ወደ ጎንደር መዛወሬን ስነግራቸው ለጥምቀት ይዘውት እንደሚመጡ ቃል ገቡልኝ። መንገዱ ግን እንደ ልብ የማይኬድበት ሆነ፤ ሁለት ጥምቀት አለፈ። ፒያሳ ላይ በአባቶቻቸው ትከሻ የተቀመጡትን ሕፃናት እያየሁ፣ የእኛው ይህን ያህል ሆኖ ይሆን እላለሁ።

ባለፈው ሳምንት እናቱ ደወለች። ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ላይ ወጥተዋል። ይሮጣል፣ አፉን ፈትቷል፣ ሸጋ ልጅ ወጥቶታል አለችኝ። ስልኩን ጆሮው ላይ ብታደርግለት ቁልፉን እየነካካ ያጮኸው ጀመር። አማትየው ተቀበሉት።

«ምነው፣ አንቺስ አትመጭም?» አሉኝ።

መንገዱ ሲከፈት እመጣለሁ አልኳቸው። እሺ አሉ። ከዚያ በኋላም ሁለታችንም ስልኩን አልዘጋንም።