እህቴን የደበቅንበት ክፍል

ሰዎች «አሁንማ ይቅር በይ» ሲሉኝ ይብስብኛል። ይቅር እንድል መጀመሪያ «በድያለሁ» የሚል ሰው ያስፈልጋል። በእኛ ቤት ይህን ቃል ያወጣ የለም። ይህን የምጽፈው ተቆጥቼ ነው፤ የሚያነበውም ይህን አውቆ ያንብብ።

እናታችን ስትሞት እኔ ስድስት ዓመቴ፣ እህቴ አሥራ ሦስት ነበረች። ፀጉሬን የጎነጎነችኝ፣ እጄን ይዛ ትምህርት ቤት ያስመዘገበችኝ፣ ፈተና በወደቅኩ ጊዜ ከአባታችን ጋር የተጣላችልኝ እሷ ናት። «እትዬ» እላታለሁ፤ «ሚጣ» ትለኛለች። አባታችን ከጉራጌ አገር በወጣትነታቸው ነገሌ መጥተው የጨርቅ ሱቅ ከፈቱ። እህቴ በሱቁ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዋን ዘርግታ የተማሪ ዩኒፎርምና የሴት ቀሚስ ትሰፋ ነበር። ከገጠር ለገበያ የሚመጡ የጉጂ ሴቶች ከአባቴ ጨርቁን ይመርጡና ወሬያቸውን ይዘው ወደ እሷ ይዞሩ ነበር። ኦሮምኛዋ ከአማርኛዋ ይፈጥናል። ስትስቅ መንገድ ማዶ ይሰማል።

አሬሮ ለሚኖር ከብት ነጋዴ ተዳረች። እኔ ሩቅ ከተማ የመምህራን ኮሌጅ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ሴት ልጅ ወለደች። ዓርብ ዓርብ ወደ ሱቁ እደውላለሁ።

«አባባ፣ እትዬስ ደህና ናት?»

«ሰላም ነች። አሬሮ ልጇን ታሳድጋለች። ትሰላምሻለች።»

ሁልጊዜ መልሱ ይኸው ነበር። አንድ ዓርብ ግን ከአባቴ ድምፅ ኋላ አንዲት ሴት አንድ ቃል እየደጋገመች ስትጮህ ሰማሁ።

«ማነው የሚጮኸው አባባ?»

«የጎረቤት ሬዲዮ ነው።»

«እሺ» አልኩ። እሺ ብዬ ስለ ጤናቸው፣ ስለ ዝናቡ ጠይቄ ስልኩን ዘጋሁ።

ተመርቄ ነገሌ ስገባ በረንዳው ላይ የስፌት መኪናው ጆንያ ለብሷል። አባቴ ሳሙኝና «መጀመሪያ ውሃ ጠጪ፣ መንገዱ አድክሞሻል» አሉኝ። ብርጭቆውን እንደያዝኩ ከሱቁ ጀርባ፣ ከመጋዘኑ በኩል፣ ያ በስልክ የሰማሁት ድምፅ መጣ። ተነስቼ ሄድኩ። በሩ በቁልፍ ተዘግቷል።

«እዚህ ውስጥ ማን አለ?»

አባቴ ከሰደርያቸው ኪስ ቁልፉን አውጥተው ሰጡኝ። ቢከላከሉ፣ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። እንደ ዕቃ መጋዘን ቁልፍ ነው ያቀበሉኝ።

እህቴ በጨርቅ ጥቅሎች መካከል መሬት ላይ ተቀምጣለች። ፀጉሯ በመቀስ ተቆርጧል። ቀኝ እግሯ ከመሃል ምሰሶው ጋር በሰንሰለት ታስሯል፤ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ቆዳው ተልጦ ጠቁሯል። ቀና ብላ አየችኝና «ትምህርት ቤት ተዘጋ እንዴ?» አለችኝ።

ያን ቀን ዕድሜዬን ሙሉ አንቱ ያልኩትን አባቴን «አንተ» አልኩት። «አንተ ምን ዓይነት ሰው ነህ?» አልኩት። የሰንሰለቱን ቁልፍ ግን ብለምነውም አልሰጠኝም። በኋላ በአፌ፣ በሰው ፊት፣ ወደ አንቱ ተመልሻለሁ። በወረቀት ላይ ግን አልመለስም፤ ከዚህ በታች «እሱ» እያልኩ ነው የምጽፈው።

የሆነውን ቀስ በቀስ ከአፉ አወጣሁት። እህቴ በወለደች በሳምንቱ እንቅልፍ አጣች። ሕፃኗን ታቅፋ «ይቺ የእኔ አይደለችም፣ ለውጠዋታል፤ የእኔዋ የሆነ ቦታ ውሃ ጠምቷታል» ትል ጀመር። አንድ ቀን ልጇን ቤት ትታ የጠማትን ልጅ ፍለጋ በጠራራ ፀሐይ መንገድ ወጣች። አንድ ሾፌር አግኝቶ መለሳት። ባሏ ወደ ነገሌ አምጥቶ «ልጃችሁን ተረከቡ፤ የእኔን ልጅ ግን አልሰጥም» ብሎ ሄደ። እዚህም ራሷን ሳትሸፍን ገበያ መሃል ወጥታ የጭነት መኪና ሊገጫት ለጥቂት ተረፈች። በማግስቱ አባቴ ሰንሰለቱን ገዛ። ይህ ከሆነ አንድ ዓመት ከአራት ወር አልፎ ነበር።

«ሼሁን አምጥቼ ቁርኣን አስቀርቼላታለሁ» አለኝ፣ ምንም እንዳላጎደለ ሰው።

ሼሁን ሄጄ ጠየቅኳቸው። አዝነው ሰሙኝና «ያኔውኑ ነግሬው ነበር እኮ ልጄ» አሉኝ። «ዱዓውን እኛ እናደርጋለን፣ አንተ ሐኪም ቤት ውሰዳት አልኩት።» አባቴ ዱዓውን ወስዶ ሌላውን ትቶታል። ለምን ስለው አይኑን ከእኔ አሸሸ።

«ሐኪም ቤት ከሄደች ከተማው ሁሉ ያውቃል። ያንጊዜ አንቺን ማን ያገባሻል?»

እህቴ በእኔ ስም ነው የታሰረችው። ይህን የሚያህል ስድብ ተሰድቤ አላውቅም።

በማግስቱ ሆስፒታል ሄድኩ። ከካርድ ክፍሉ ጀርባ፣ በእጅ «የአእምሮ ጤና» ተብሎ የተጻፈ ወረቀት የተለጠፈበት ጠባብ ክፍል ነበር። ውስጡ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ አግዳሚ ወንበርና አንድ ወጣት የጉጂ ነርስ። እስክጨርስ ሰማኝ። ትበላለች ወይ፣ ትተኛለች ወይ፣ ልጇን ትጠይቃለች ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የሕመሙን ዓይነት እንደሚያውቀው፣ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ እንደሆነና እንደሚታከም ነገረኝ። ይታከማል! አንድ ዓመት ከአራት ወር፣ ከሱቃችን በባጃጅ አምስት ደቂቃ የማይሞላ ቦታ ላይ።

«ፖሊስ ይዘን አሁኑኑ እንሂድ» አልኩት።

«ፖሊስ በሩን ይከፍታል። ከዚያ በኋላ አብሯት የሚኖረው ግን ማነው?»

«አባቴ።»

«እንግዲያው መጀመሪያ እሳቸውን ላግኛቸው።»

እንደ ደንበኛ ሆኖ ሱቅ መጣ። «አካም ጅርቱ አባቴ? ናጋ?» ብሎ ሰላም አለው። አባቴም «ናጋ» ብሎ ወንበር ሰጠው። ስለ ከብት፣ ስለ ዘገየው ዝናብ አወሩ። ሄደ። በሁለተኛውም ቀን እንዲሁ፤ ስለ ልጅነቱ፣ ስለ ነገሌ የድሮ ገበያ። እኔ መደርደሪያው ሥር ቆሜ በንዴት እጨስ ነበር። ከግድግዳው ወዲያ ሰው ታስሮ እነሱ ስለ ጊደር ያወራሉ። ነርሱን ልሰድበው ደጅ ድረስ ተከትዬው ወጣሁ። «መምህርት፣ ትንሽ ታገሺኝ» ብሎኝ ሄደ። ትዕግሥት የሚባለውን ቃል ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አልወደውም።

በሦስተኛው ቀን ማንም ሳይጠይቀው አባቴ ራሱ ተናገረ። «ልጄን የጠላሁ እንዳይመስልህ።»

«አውቃለሁ አባቴ። ቢጠሏትማ መንገድ ላይ ይተዉዋት ነበር። አንቱ ፈርተዋል። ግን የፈሩት አንቱ፣ የታሰረችው እሷ።»

አባቴ ተነስቶ ወደ መጋዘኑ ገባ። የሰንሰለቱን ቁልፍ ሊከፍት ሲል መክፈቻው ከእጁ ወደቀና ነርሱ አንስቶ ከፈተው። አላዘንኩለትም።

በመርፌና በክኒን እንቅልፏ ተመለሰ። በሁለተኛው ወር እንጀራዋን ራሷ ቆርሳ መብላት፣ ገላዋን መታጠብ፣ ጎረቤት ሲገባ ሰላም ማለት ጀመረች። ነርሱ ግን በመድኃኒት ብቻ አልለቀቀንም። ማክሰኞ ማክሰኞ ሦስታችንም አግዳሚው ላይ እንድንቀመጥ አዘዘ። አባቴ ሁልጊዜ በሩ አጠገብ ይቀመጣል፣ ለማምለጥ እንደተዘጋጀ። በአራተኛው ማክሰኞ ነርሱ እህቴን «ለእነሱ መናገር የምትፈልጊው ካለ ዛሬ ተናገሪ» አላት።

መጀመሪያ ወደ አባቴ ዞረች። «ሱቅ ውስጥ ከደንበኛ ጋር ሲስቁ እሰማ ነበር። ልጄ ሞታ የደበቃችሁኝ ይመስለኝ ነበር፤ በሕይወት አለች ብሎ የነገረኝ የለም።»

አባቴ መሬት መሬቱን አየ። ደስ አለኝ። እውነቱን ነው የምጽፈው፤ ደስ አለኝ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ዓርብ ዓርብ አባባ ስልክ ሲያነሱ አንቺ መሆንሽን አውቅ ነበር። እጣራ ነበር። አንድ ቀን ሰምተሽኛል።»

«ሬዲዮ ነው አሉኝ...»

«ሬዲዮ ሚጣ ብሎ ይጠራል?»

ያ ሲደጋገም የሰማሁት ቃል ሚጣ ነበር። ያኔም ጆሮዬ ሰምቶት ነበር። ጠይቄ ቢሆን ትምህርቴን ጥዬ መምጣት ነበረብኝ፤ ስለዚህ ሬዲዮውን አመንኩ። ነርሱ ያጽናናኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን «ቁጣሽን ሁሉ አባትሽ ላይ ስታራግፊ ለራስሽ ምንም አልተረፈሽም ነበር» አለኝ። በሩን በኃይል ዘግቼ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ሰው ሁሉ እያየኝ አለቀስኩ። በሚቀጥለው ማክሰኞ ግን ተመለስኩ፣ ምክንያቱም እህቴ ጠዋት ነጠላዬን አምጥታ «እንሂድ» አለችኝ።

የልጇ ነገር ብቻ ቀረን። ባሏ ከሁለት ዓመት በላይ ስልክም አላነሳልንም። በመጨረሻ የመጣው ለእህቴ ብሎ አይደለም፤ ለራሱ ፍርሃት ነው። ልጅቷ ብቻዋን ስትስቅ፣ ለአሻንጉሊቷ ስታወራ ባየ ቁጥር «እሷም ልታብድ ነው» እያለ ይደነግጥ ነበር። ሰፈር ውስጥም ልጆች «የእብድ ልጅ» ይሏታል። ነርሱ ከእሱ ጋር ብቻውን ረጅም ሰዓት ተቀመጠ። ለአሻንጉሊት ማውራት የልጅ ሥራ እንጂ በሽታ አለመሆኑን አስረዳው። ልጅቷን ምን ብለን እንደምናናግራትም አስጠናን፦ አትዋሹ፣ አትቸኩሉ፣ በግድ አታሳቅፏት።

ልጅቷ አራት ዓመት ሆኗት ነበር። በአባቷ እግር ተከልላ ሱቅ ገባች። እህቴ አልሮጠችም። መሬት ላይ ተቀምጣ ቁርጥራጭ ጨርቅ ለአሻንጉሊት ቀሚስ ትቆርጥ ጀመር። ብድግ ብላ እንዳታቅፋት ምን ያህል እንደታገለች የማውቀው እኔ ነኝ። ልጅቷ ቀስ እያለች ቀረበች። ቀዩን ጨርቅ አነሳች።

«መቃን ኬ ኤኙ?» አለቻት እህቴ፤ ስምሽ ማነው ማለት ነው። ልጅቷ ስሟን ተናገረችና «አንቺስ?» አለች፣ በኦሮምኛዋ።

«እኔ እናትሽ ነኝ።»

«እናቴ ሞታለች ብለውኛል።»

«አልሞትኩም። ታምሜ ነበር። ሕመሜ በአንቺ ጥፋት የመጣ አይደለም።»

ልጅቷ አሰብ አድርጋ ቀዩን ጨርቅ ዘረጋችላት። «እንግዲያው እጅጌ አድርጊለት» አለቻት። አባቴ ተነስቶ ወደ ጓሮ ወጣ። ሲያለቅስ ሰማሁት። ሄጄ አላባበልኩትም።

ይህ ሁሉ ከሆነ ዓመት ሳይሞላ ነርሱ ለሌላ ሥራ ወደ ሌላ ወረዳ ተመደበ። ማክሰኞ ስንሄድ በሩ ላይ ያለው ወረቀት ተነስቷል፤ ክፍሉ እስከ ጣሪያው በአጎበር ተሞልቷል። አግዳሚው ኮሪደር ላይ ወጥቷል፤ አንዲት እናት ኮረዳ ልጇን ይዛ ተቀምጣበታለች። ከሩቅ ቀበሌ ነው የመጡት። «ሐኪሙ መቼ ይመጣል?» ብላ ጠየቀችኝ።

የሚመለከተው ቢሮ ሄድኩ። ኃላፊው በትሕትና አስቀመጠኝ።

«መምህርት፣ እዚህ ወባ አለ፣ የወሊድ ችግር አለ፣ ተቅማጥ አለ። እብድ እንደሆነ ዛሬ ነገ አይሞት።»

«አዎ፣ አይሞትም» አልኩት። «አስራችሁ ታኖሩታላችሁ።»

ፈገግ አለ። ያ ፈገግታ ዛሬም ክፍል ውስጥ ሳስተምር ድንገት ትዝ ይለኝና ጠመኔ እሰብራለሁ። አቤቱታ ጻፍኩ። መጀመሪያ የፈረመችው እህቴ ናት፤ ሙሉ ስሟን፣ በትልልቅ ፊደል። ማክሰኞ ማክሰኞ ኮሪደሩ ላይ ተራ ስንጠብቅ አብረውን ይቀመጡ ከነበሩት ሰዎች ደጅ ወረቀቱን ይዤ ዞርኩ። ብዙዎቹ ስማቸው እዚያ ላይ እንዳይታይ ለመኑኝ። አንዱ አላውቅሽም አለኝ፤ ወር ሙሉ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠን ነበር። አባቴ ወረቀቱን መነጽሩን አድርጎ ሁለት ጊዜ አነበበና ፈረመ። የሚያውቁኝ ሰዎች «ይኸው፣ ይቅርታው ይህ ነበር» ይሉኛል። ፊርማ ፊርማ ነው። ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖሮ ሞተ፤ ስድስት ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል ለመናገር በቂ ጊዜ ነበር።

ከብዙ ምልልስ በኋላ አንዲት ነርስ በሳምንት አንድ ቀን መርፌ ክፍል ውስጥ፣ ከመጋረጃ ጀርባ፣ ታካሚዎችን ታይ ጀመር። ጎበዝ ናት። ግን በመጋረጃ ማዶ ሰው ተሰልፎ እየሰማ ማን የልቡን ያወራል? መድኃኒቱም አንዳንዴ ያልቃል። አንድ ጊዜ ሦስት ሳምንት ጠፋ። እህቴ ጠዋት ላይ መቀሷን አስቀምጣ መጣችና «ሚጣ፣ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ሳይብስብኝ ያቤሎ ሆስፒታል ውሰጂኝ» አለችኝ። ለልጇም ደውላ ነገረቻት። ልጅቷ አሁን ትልቅ ተማሪ ናት፤ ትምህርት ሲዘጋ እኛ ጋ ትከርማለች፣ እናቷ ስትታመም ምን እንደሚቀድም ታውቃለች። እሷን የሚዋሽ የለም።

በጠዋቱ ሚኒባስ ተሳፈርን። አጠገባችን የተቀመጠ አንድ ጎልማሳ እስከ አሬሮ መዳረሻ ሲያጫውተን ቆየና «ያቤሎ ዘመድ ጥየቃ ነው?» አለ። እኔ «አዎ» ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ያን ሁሉ አቤቱታ የጻፍኩት እኔ!

«ለአእምሮ ሕክምና ነው» አለች እህቴ። «መድኃኒቴ ነገሌ አልቆ።»

ሰውዬው ሻንጣውን አቅፎ ወደ ኋላ ወንበር ተዛወረ። ደሜ ፈላ። ዞሬ ልጮህበት ስል እህቴ ክንዴን ያዘችኝ።

«ተዪው» አለችኝ፣ እግሯን ዘርግታ እየተመቻቸች። «ቦታ ሰፋልን።»

እሷ ሳቀች። እኔ ግን ያቤሎ እስክንገባ አልሳቅኩም።