የመምህርቷ የውሃ ጎመን

ከጎፋ ወደ ጂንካ የተመደብኩት በደርግ ጊዜ ነው፤ የሳይንስ መምህርት ነበርኩ። ግንበኛው ባለቤቴም ተከትሎኝ መጣና ከአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ጀርባ ቤት ተከራየን። ከአጥሩ ማዶ ልጆቻቸውን ድረው ብቻቸውን የቀሩ የአሪ ብሔረሰብ እናት ነበሩ፤ እማማ እላቸዋለሁ። ጎደሬያቸውን ሲኮተኩቱ ይውላሉ፤ በአጥሩ ላይ ወሬ ሳንለዋወጥ አይመሽም።

አንድ ቅዳሜ ከሌሎች መምህራን ጋር ወደ ገዘር ገበያ በእግር ስንሄድ፣ ረግረግ ዳር አረፍ አልን። ውሃው ላይ ከሸሚዝ ቁልፍ ብዙም የማይበልጡ ክብ ቅጠሎች ተኝተዋል፤ በመሃላቸው ጠርዛቸው እንደ ነጠላ ዘርፍ የተተረተረ ትናንሽ ነጭ አበቦች ብቅ ብለዋል። ጫማዬን አውልቄ እስከ ጉልበቴ ገባሁ። ጓደኞቼ ከዳር ሆነው አልቅት ይይዝሻል እያሉ ሳቁብኝ፤ እውነትም ያዘኝ። ቢሆንም ተክሏን ከነሥሯ ነቅዬ በእንሰት ቅጠል ጠቅልዬ ተመለስኩ።

ቤት ስገባ ሳፋ ሙሉ ንጹህ ውሃ ቀድቼ አስቀመጥኳት። ብዙም ሳትቆይ ቢጫ ሆና በሰበሰች። ስለ ዕፅዋት ምግብ ሳስተምር የምውል ሰው፣ የራሴን ተክል አስርቤ ገደልኳት። በሚቀጥለው ገበያ ባለቤቴን ይዤው ሄድኩና ከተክሏ ጋር የረግረጉን ጥቁር ጭቃ በጆንያ አሸከምኩት። መንገዱን ሙሉ ሲያጉረመርም መጣ። “ሰው ከገዘር ቅቤ ይዞ ይመለሳል፣ እኔ ጭቃ ተሸክሜያለሁ” ይላል። ግን ቤት እንደደረስን በድንጋይና በተረፈ ሲሚንቶ ጎድጎድ ያለች ኩሬ ሠራልኝ፤ ጭቃውን ከሥር አነጠፍን።

ያዘች። በልጉ ሲጥል ኩሬውን ሞላችው፤ ጠዋት ጠዋት አበቦቿ ይከፈታሉ። አላፊ አግዳሚው ሊያያት ይገባ ጀመር። አንዱ ለየትኛው በሽታ መድኃኒት እንደምትሆን ይጠይቃል፣ ሌላው ትበላ እንደሆነ። ለማየት ብቻ ናት ስላቸው በትህትና ራሳቸውን ነቅንቀው ይሄዳሉ። ከዚያ “የመምህርቷ የውሃ ጎመን” የሚል ስም ወጣላት። እማማ ግን እንዲሁ አላለፉኝም።

“ልጄ፣ የማይበላ ጎመን ለማን ነው?”

“ለዓይን ነው፣ እማማ።”

ኩሬዋን አጎንብሰው አዩና፣ “ዓይንም ሆድ አለው ለካ” አሉኝ።

በዚህ መሃል የወባ መከላከል ሠራተኛው መጣ። በመቅጃው ውሃውን ጨልፎ አሳየኝ፤ የትንኝ ላርቫ ይርመሰመሳል።

“መምህርት፣ ይህ ኩሬ ለወባ ትንኝ ቤት ሆኗል። ተመልሼ ስመጣ ተደፍኖ ካላገኘሁት ሪፖርት አደርጋለሁ” አለኝ።

በዚያው ዓመት ወባ ጥሎኝ ስለነበር እሺ ብዬ ሸኘሁት። ባለቤቴ አካፋ ይዞ ኩሬው ዳር ቆመ፤ አፈሩን ሊመልስ አንጀቱ አልቻለም። ትናንሽ ዓሦች ላርቫ እንደሚበሉ ሳስተምር ትዝ አለኝና ነገርኩት። አካፋውን ጣለ።

እሁድ ከጸሎት ቤት ስንወጣ አሮጌ የአልጋ አጎበር ይዘን ነሪ ወንዝ ወረድን። አንዱን ጫፍ እኔ፣ ሌላውን እሱ ያዝን። ዓሦቹ እንደገቡልን እግሩ አዳለጠውና በእሁድ ሱሪው ውሃው ውስጥ ተቀመጠ፤ አጎበሩን ግን ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ ይዞት ነበር። በሳቅ ስለፈረስኩ ላነሳው አልቻልኩም። ዓሦቹን በማንቆርቆሪያ ይዘን በከተማው መሃል ስናልፍ፣ ከእሱ የሚንጠባጠበው ውሃ ከማንቆርቆሪያው ይበልጥ ነበር።

የወባው ሠራተኛ ተመልሶ መጣና ኩሬው አለመደፈኑን ሲያይ ፊቱን አጠቆረ። መቅጃውን እንዲያጠልቅ በእጄ አሳየሁት። ጨለፈ፣ ቦታ ቀይሮ ደግሞ ጨለፈ፤ አንድም ላርቫ የለም። ዓሦቹ ወደ ጣቱ ሲጠጉ ቁጢጥ ብሎ ያያቸው ጀመር፤ መንገድ ላይ የሚጠብቀው ባልደረባው እስኪጣራ ድረስ አልተነሳም።

“ታዲያ ሪፖርቱ ምን ይላል?” አልኩት።

“ኩሬው ንጹሕ ነው ይላል” አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ባለቤቴ አራስ ናት፣ ከቤት አትወጣም። ለእሷ የምትሆን ቁራጭ አትሰጡኝም?”

ያለ ዓሣ እንዳይተክላት አስጠንቅቄ ከነጭቃዋ ሰጠሁት። ከዚያ ወዲያ ሰው ጣሳና ጎድጓዳ ሳህን እየያዘ ይመጣ ጀመር። የጸሎት ቤቱ ወጣቶች የተቆረጠ በርሜል ደጃፉ ላይ ቀብረው ተከሉ። ባለቤቴን መንገድ ላይ የሚያስቆመው ሁሉ ስለ ግንብ ሥራ መጠየቁን ትቶ ዓሣ መቼ እንደሚያጠምድ ይጠይቀዋል።

አንድ ክረምት ከባድ ዝናብ ጣለና ጎርፍ ግቢያችንን ጠርጎት አለፈ። ጠዋት ስወጣ ኩሬው በደለል ተሞልቷል፤ ተክሏም ዓሦቹም የሉም። ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ስተክዝ እማማ ከአጥሩ ማዶ ጠሩኝ። ከጎደሬያቸው ግርጌ ባለው ቦይ ተክሏ ተጋድማለች፣ በሥሯም ዓሦቹ ይሽሎከሎካሉ። ልሰበስባት ጎንበስ ስል ክንዴን ያዙኝ።

“በእግሯ የመጣች እንግዳ ናት፣ አትባረርም” አሉኝ።

የሚበቃኝን ያህል በእጃቸው ነቅለው ሰጡኝ። ባለቤቴ የኩሬውን ጠርዝ ከፍ አድርጎ ገነባው፣ እኔም ከቦዩ ጥቂት ዓሦች ጨምሬ እንደገና ተከልኩ። ይሁን እንጂ የእማማ ቦይ ለተክሏ ሳይመቻት አልቀረም፤ አበባዋ እዚያ ይበዛል፣ ይተልቃል። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት ለሰላምታ ጎራ እል ነበር። እሳቸውም ቀድመው ቦዩ ዳር ቆመው፣ የዛሬዎቹ አበቦች ከትናንቶቹ እንደሚበዙ ይነግሩኛል።